የግንቦት ልደታ ቅቤ

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 24

መንደሩ በሙሉ ዞሮ ያየው ሆዴን ነው፤ ፊቴን ያየ የለም። የምጽፈው ትናንት ስለሆነው ነው። ትናንትማ ብዕር ለመያዝም እጄ አልታዘዘልኝም።

የጊዮርጊስ ንግሥ ነበር። ይበልጣል ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆሞ ሰበከ። የሰማዕቱን ገድል ሲናገር ደህና ነበር፤ አንዳንድ ሴት እንባ ሁሉ አውጥታለች። መጨረሻው ላይ ድምፁን ከፍ አደረገና፣ "ለዛፍ ቅቤ መቀባት ባዕድ አምልኮ ነው። ከእንግዲህ የግንቦት ልደታን ከወይራው ሥር ቆሜ አልባርክም" አለ። ሴቶቹ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ነበር። እንደተከፈተ ቀረ። ያኔ ነው ሁሉም ዞሮ ሆዴን ያየው።

ሰው ፊት "እሳቸው" ነው የምለው፤ ባሌም ቢሆን ቄስ ነው። እዚህ ግን እሱ ነው፣ ይበልጣል ነው። ዛሬ ደግሞ ተናድጄበታለሁ።

ለምን ሆዴን አዩ? በአማቴ ስለት ምክንያት። ሁለት ጊዜ አርግዤ ሁለቱም አልጸናልኝም። አምና በልደታ፣ እማማ ጥሩ ከወይራው ሥር ቆመው፣ "የዚች ልጅ ማኅፀን ቢጸና ለከርሞ አንድ ቅል ቅቤ ይዤ እመጣለሁ፣ እሷንም አመጣለሁ" ብለው ተሳሉ። መንደሩ ሰምቷል። ይበልጣልም በጆሮው ሰምቷል፤ መስቀሉን ይዞ እዚያው ቆሞ ነበር። ያኔ ምንም አላለም። ዘንድሮ ከካህናት ሥልጠና ተመለሰና አለ።

እኔም አጠገባቸው ነበርኩ። ሁሉም አሜን ሲል እኔ አሜን ብዬ ይሆን? ከትናንት ጀምሮ ይህን ላስታውስ ብሞክር አልመጣልኝም።

አሁን ሰባተኛ ወሬ ነው። ልደታ የሚመጣው ቅዳሜ ነው።

እሑድ፣ ሚያዝያ 25

ከቅዳሴ በኋላ ማንም "እንዴት አደርሽ" ያለኝ የለም። ማለቴ ብለዋል፣ ግን እየሄዱ።

ከሰዓት አያ ደሴ መጣ። ዘንድሮ የልደታ ተረኛ እሱ ነው፤ በጉም ጠላውም በእሱ በኩል ነው የሚዘጋጀው። ግባ ብንለው አሻፈረኝ ብሎ በራፉ ላይ በትሩን ተደግፎ ቆመ።

"ቄስ ይበልጣል፣ ሰው እመቤታችንን ካዱ እያለ ነው። ጴንጤ ሆኑ የሚልም አለ። እኔ አላልሁም። ሰው ነው።"

ይበልጣል ደነገጠ። ለካ ሰዉ የሰማው ሌላ ነው። እሱ ቅቤውን ተው አለ፤ መንደሩ ልደታን ቄሱ ሻሯት ብሎ ወሰደው። ተቀምጦ ቀስ ብሎ አስረዳው። ቀኑ የእመቤታችን የልደቷ ቀን ነው፤ በሊባኖስ ተራራ ከደጅ ስለተወለደች ነው እኛም ከደጅ የምናከብረው፤ ንፍሮውም ለዚያ ነው። ዛፉ ግን ዛፍ ነው።

አያ ደሴ እስኪጨርስ አዳመጠው። "እንዲያ ከሆነ ይምጡና እዚያው ይንገሩን" አለ።

"ቅቤ ካለ አልመጣም።"

"ቅቤ ከሌለ በረዶው ይመጣል፣ አባቴ" አለና ሄደ።

ይበልጣል ማታ ራት አልበላም። እኔ ግን በላሁ፤ ለሁለት ነው የምበላው።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 26

ልጁ ዝም ብሏል። ትናንት ማታ አንድ ጊዜ የተንቀሳቀሰ መሰለኝ፤ የሆድ ንፋስም ሊሆን ይችላል።

የምፈራውን ልጻፈው፣ ሲጻፍ ያንስ እንደሆነ። ልጁ እንዳይቀርብኝ እፈራለሁ። ስለቱ ካልደረሰ እንዳይቀርብኝ፣ ስለቱ ለዛፍ ደርሶ ደግሞ በዚያ ምክንያት እንዳይቀርብኝ እፈራለሁ። ይበልጣልን ከዚህ ደብር እንዳያስነሱት። በረዶ ጥሎ የአያ ደሴን ገብስ ቢመታው "የቄሱ ሚስት ናት" እንዳይሉኝ።

አላነሰም።

ንፋስ መውጫ ሰንበት ትምህርት ቤት ሳለሁ ይህን ራሴ አስተምሬዋለሁ። አድባር፣ ጨሌ፣ የዛፍ ክር፣ ሁሉንም ጣት እየቆጠርኩ ለትንንሾቹ አውግዣለሁ። ድምፄም ያምር ነበር። ያኔ ሆዴ ባዶ ነው፤ ባዶ ሆድ ይዞ ማውገዝ ይቀላል። እዚህ ሽማግሌዎቹ "ወይራው ከቤተ ክርስቲያኑ ይቀድማል" እያሉ ሲኮሩ፣ እንግዲያ በፊት ቅቤው ለማን ነበር ብዬ እጠይቃለሁ፣ በልቤ። መልሱንም አውቀዋለሁ፤ ለአድባሩ ነው። አላምንበትም። እፈራዋለሁ ግን።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 27

ይበልጣል ሌሊቱ እንደነጋ ወደ ተማረበት ደብር፣ ወደ ቤተ ልሔም ሄደ። ድጓ ያስተማሩት የኔታ እዚያ ናቸው፤ አርጅተዋል፣ ዓይናቸውም ደክሟል፣ ግን እሱ ከእሳቸው በቀር የሚያምነው ሰው የለውም። መኪና እስከሚደርስበት በመኪና፣ ከዚያ በእግሩ ነው።

በራፉ ላይ ያዝኩት። "ስለ ልደታ ብቻ አይደለም። ስለ ስለቱም ጠይቅልኝ። ለዛፍ ከሆነ ያስራል ወይ? ባይደርስ ልጁን ይነካዋል ወይ? ልክ እንዲህ ብለህ ጠይቅ።"

"እሺ" አለ።

"የእናቴ ስለት ነው ብለህ ጠይቅ።"

"እሺ አልኩሽ'ኮ ስንዱ።"

ሁለተኛውን "እሺ" አልወደድኩትም።

ልጁ አሁንም ዝም ነው። ነገ ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ። ለማንም አልነግርም።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 28

ንፋስ መውጫ ደርሼ መጣሁ። ነርሷ ልጅ እግር ናት፣ የእኔ ታናሽ ትሆናለች። ማዳመጫውን ሆዴ ላይ አድርጋ ጆሮዋን ደፍታ ቆየች። በጣም ቆየች። እኔ በልቤ እመቤቴን እየጠራሁ ነበር፤ እመቤቴን ብቻ፣ ይኼ ይመዝገብልኝ።

"ልቡ ደህና ይመታል" አለች። "ተኝቶ ይሆናል።"

"ይህን ያህል ይተኛል እንዴ?"

ሳቀች። "የቄስ ልጅ አይደል፣ ሱባኤ ገብቶ ይሆናላ።" እኔም ሳቅሁ። ከቤት ስወጣ ጀምሮ ጥርሴን ነክሼ ኖሮ መንጋጋዬ አመመኝ።

ስመለስ በወይራው በኩል አለፍኩ። ሌላ መንገድ ነበረ፤ እግሬ ነው የወሰደኝ። ማንም አልነበረም። የአምናው ጉልቻ ጥቁር ብሎ ከነአመዱ አለ። ቅርንጫፎቹ ላይ የተቋጠረው ክር ቀለሙ ለቆ ነጭ ሆኗል። ግንዱ ደግሞ እጅ እስከሚደርስበት ድረስ ያብረቀርቃል፤ ከዚያ በላይ ተራ ቅርፊት ነው። ስንት እናቶች በስንት ዓመት እንደቀቡት እግዜር ይወቀው። ሁሉም ልጅ ፈልገው፣ ወይ ዝናብ ፈልገው፣ ወይ የታመመ ኖሯቸው ነው። ቆሜ አየሁት። አማተብኩ። መንገድ ከጀመርኩ በኋላ ነው ያማተብኩት እሱን ፈርቼ ይሁን እሱን አክብሬ ብዬ የጠየቅሁት። ግራ ገባኝ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 29

እማማ ጥሩ ጠዋት ቅሉን ይዘው መጡ። ቅቤው ከሰነበተ ሽታው እንዳይለወጥ በቀዝቃዛ ውኃ ሊያጥቡት ነው አሉ፤ ቤታቸው ግድግዳ ለግድግዳ ነው፣ ውኃ በቤታቸውም አለ። እንዳየው ነው ያመጡት።

ጊዜው ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። "እማማ፣ ስለቱን የተሳሉት ለማን ነው?"

"ለማን ይሆናል? ለእመቤቴ ነዋ።"

"እንግዲያ ቅቤው ለምን ለወይራው ይሆናል?"

በውኃው ውስጥ ቅቤውን መለስ ቀለስ አደረጉ። ከዚያ እንደ ልጅ አነጋገሩኝ። "አንቺ ልጄ፣ እሷን የት አገኛትና ነው ጠጉሯን የምቀባት? ሰማይ ላይ ናት። እኔ ሁልጊዜ የምነግራት እዚያ ነው። የሰማችኝም እዚያ ነው።"

"ቤተ ክርስቲያን አትሰማም?"

"ትሰማለች። ቤተ ክርስቲያን ስትገቢ ግን ቄሱ ይነግርልሻል። እዚያ ራስሽ ነሽ የምትነግሪያት።"

ይህን በሰንበት ትምህርት ቤት አልተማርንም።

ከዚያ ቅቤውን ጨምቀው ቅሉ ውስጥ መለሱትና እጃቸውን አየት አድርገው እንዲህ አሉ፣ "ከይበልጣል በፊት ስንት ልጅ ቀብሬአለሁ። እሱን ያገኘሁት ከዚያ ወይራ ሥር ተስዬ ነው። ያን ጊዜ የቀባሁት ቅቤ የሰይጣን ከሆነ፣ እሱ ራሱ የማን ልጅ ሊሆን ነው? መስቀሉንስ በምን እጁ ነው የያዘው?"

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። በሚያለቅስ ሰው ድምፅ ነው ያሉት፤ ዓይናቸው ግን ደረቅ ነበር። አማቴን እንደዛሬ ወድጃቸው አላውቅም፣ እንደዛሬም ፈርቻቸው አላውቅም።

ማታ ይበልጣል ገባ። እግሩ አብጧል። ውኃ አሙቄ እያጠብኩለት ሁሉንም ነገረኝ። የኔታ ተኝተው ነው ያዳመጡት፤ እንቅልፍ ወስዷቸዋል ብሎ ሊነሳ ሲል እንዲህ አሉት፣ "አንተ ስትቀር እዚያ ቦታ ማን ይቀራል?" መልሱንም ራሳቸው ሰጡት፣ "ዛፉ ብቻ ይቀራል። ሕዝቡን ለዛፉ ትተህለት መጣህ ማለት ነው። ቀኑ የእመቤታችን ነው፣ መስቀልህን ይዘህ ሂድ። ከዛፉ ቀድመህ ድረስ።"

ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ያረፍኩ መሰለኝ።

"ስለ ስለቱስ ምን አሉ?"

እግሩን ከውኃው አወጣ። "አልጠየቅሁም።"

"ምን?"

"አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ።"

ውኃውን ወስጄ ደጅ ደፋሁት። ሌላ የምደፋው ነገር ስላልነበረ ነው።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 30

ዛሬ ሴቶቹ መጡ። ቄሱ እንደሚገኝ አያ ደሴ ሳይነግራቸው አልቀረም፤ ስንዴውንና ባቄላውን ይዘው እኔ ቤት መጥተው ለቀሙ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ሳቁ፣ ሆዴን ዳሰሱ፤ ሾጠጥ ብሏልና ወንድ ነው ተባለ። እኔም ምንም እንዳልተፈጠረ ሆንኩ። ጥሩ ችያለሁ።

ስለ ቅቤው ያነሳ የለም። ሁሉም ግን እያሰበው ነበር።

ሲሄዱ ይበልጣል ነጭ ጥምጥሙን እያስተካከለ ብቻውን ተቀምጦ አገኘሁት። ተቀምጬ እናቱ ያሉኝን ነገርኩት። የማን ልጅ ሊሆን ነው ያሉትንም ሳላስቀር።

"አውቃለሁ" አለ።

"ታውቃለህ?"

"ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስትነግረኝ ነው ያደግሁት። 'አንተ የወይራው ልጅ' ትለኝ ነበር። ቤተ ልሔም ስማር ጓደኞቼ እንዳይሰሙ የምፈራው ይህን ነበር። የኔታን እንዴት አድርጌ ልጠይቃቸው? ልጁ ነኝ ልበላቸው?"

እንዲህ ሲል ሰምቼው አላውቅም። ያ ሁሉ ስብከት በዛፉ ላይ አልነበረም ለካ። ጥምጥሙን ከእጁ ወስጄ ራሴ አስተካከልኩለት።

"ነገ እናትህ ቅሉን ይዘው ወደ ግንዱ ሲሄዱ ምን ታደርጋለህ?"

"አላውቅም" አለ። "እጇን እይዛለሁ መሰለኝ።"

በሰው ሁሉ ፊት የእናቱን እጅ።  የስለቱን ነገር ትቼ ለእሳቸው መፍራት ጀመርኩ፤ ከዚያ እንደገና ለልጁ። ዛሬም አልተንቀሳቀሰም። ተንቀሳቅሶ እንደሆነም ሴቶቹ ሲያስቁኝ አልተሰማኝ ይሆናል።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 1። ልደታ።

ደክሞኛል፤ ግን ሳይጠፋብኝ ልጻፈው።

ከሁሉም ቀድመን ደረስን። የኔታ እንዳሉት፣ ከዛፉም ቀድመን ማለት ነው። ይበልጣል ጥላውን ዘርግቶ፣ መስቀሉን ይዞ፣ ግንዱን ከጀርባው አድርጎ ቆመ። ሰው እየመጣ ከፊቱ ተቀመጠ። እሳት ተያያዘ፣ ንፍሮው ተጣደ። ጸሎት አደረሰ፤ የልደቷን ታሪክ ከኢያቄምና ከሐና ጀምሮ ተናገረ። ጥሩ ተናገረ። አያ ደሴ እንኳ ራሱን ሲነቀንቅ አይቻለሁ። ዳቦው ተባረከ፣ ተቆረሰ። ሰማዩ ከወደ ጉና ተራራ በኩል ጠቁሮ ነበር፤ ሁሉም በአንድ ዓይኑ ቄሱን፣ በአንዱ ደመናውን ያያል።

ከዚያ እማማ ጥሩ ተነሱ። ለፋሲካ ያስሸመኑትን አዲስ ነጠላ ለብሰዋል፣ ጥለቱ ከሩቅ ያበራል። ቅቤውን ከቅሉ አውጥተው በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ንፍሮ የሚያማስለው ሁሉ ማማሰሉን አቆመ። ይበልጣል አንድ እርምጃ ወደ እናቱ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። እሳቸውም ቆሙ። እናትና ልጅ ተያዩ፤ እኔ መሐላቸው መሬት ላይ ተቀምጬ ነበር።

ምንም አላሰብኩም። አስቤው ቢሆን አላደርገውም። በጉልበቴ ተነሳሁና ሻሼን ፈታሁ። የቄስ ሚስት፣ በዚያ ሁሉ ሽማግሌ ፊት፣ ራሴን ገልጬ። እማማ ጥሩ ፊት ጎንበስ አልኩ።

"እማማ፣ ስለቱ ስለ እኔ አይደል? እኔን ይቀቡኝ።"

 እግራቸውን ብቻ ነው የማየው። ነፋሱ ጥላውን ሲያንኳኳው ይሰማኛል። ካሁን ካሁን አልፈውኝ ወደ ግንዱ ሄዱ ስል፣ ቅቤው አናቴ ላይ አረፈ። በሙሉ፣ በአንድ ጊዜ። ቀዝቃዛ ነበር። በሁለት እጃቸው አሹት፣ እስከ ጆሮዬ፣ እስከ ማጅራቴ። "እመቤቴ፣ ይኸው አመጣኋት" አሉ። "ከነልጇ አኑሪልኝ።"

"አሜን" አልኩ። ዘንድሮ ማለቴን አውቃለሁ፤ ከሁሉም ድምፅ በላይ ነው የወጣው። ከዚያ እልልታው። አያ ደሴ ሳይቀር አሜን አለ፣ እያጉረመረመም ቢሆን።

ያለቀ መስሎኝ ነበር። ቀና ስል እማማ ጥሩ ወደ ወይራው ጠጋ ብለው እጃቸውን ግንዱ ላይ አሳርፈዋል። ጥቂት ቆዩና ተመለሱ። ይበልጣልም አይቷል። ቶሎ ዞር አለና ቀድሞ የባረከውን ንፍሮ እንደገና ባረከው።

ደመናው ወደ ስማዳ አለፈ። "ጸሎቱ ነው" ያለ አለ። "ቅቤው ነው" ያለም አለ። ንፍሮው ቤት አይገባምና እዚያው ጨርሰን፣ የዓመት ሰው ይበለን ተባብለን ተበታተንን።

እሑድ፣ ግንቦት 2

ትራሴ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ያልሳመኝ ሴት የለም፤ ጠጉሬን እያሸተቱ።

ይበልጣል ቤተ ክርስቲያን ቆየ። እኔ ብቻዬን በወይራው በኩል ተመለስኩ። በዚያ በኩል እንደሚርቅ አውቃለሁ።

እማማ ጥሩ ግንዱን የነኩበትን ቦታ ጠጋ ብዬ አየሁት። እጅ ሲጠረግ ከላይ ወደ ታች መስመር ይሠራል። ይኼ ቅቤ መስመር የለውም። ሁለት መዳፍ ነው፣ ጣቶቹ አንድ በአንድ ተዘርግተው፣ ልክ ሰው ደረቱ ላይ እጅ እንደሚጫንለት ሆኖ ተጭኗል። ጉንዳን ጀምሮታል። ላጠፋው ቅጠል ቀጠፍኩ። ቅጠሉን ይዤ ቆምኩ። ከዚያ ቅጠሉን ጥዬው መጣሁ።

ምሳ ላይ ይበልጣል እንጀራውን ይቆርሳል እንጂ አይጎርስም።

"እናቴ እኮ ትናንት" አለ፣ "እጇን ነው የጠረገችው፣ አይደል?"

"አዎ" አልኩ።

የቆረሰውን መልሶ አስቀመጠ። ከዚያ፣ "ነጠላ ነበራት" አለ።

"አዲስ ነው'ኮ። በአዲስ ነጠላ ቅቤ ማን ይጠርጋል?"

አየኝ። ብዙ አየኝ። ዓይኑን ላለማየት ወጥ ጨመርኩለት። "እሱስ ልክ ነሽ" አለና መጉረስ ጀመረ።

ያኔ ልጁ ረገጠኝ። የሆድ ንፋስ አይደለም፤ እጄን አስቀምጬበታለሁ፣ ተረከዝ ነው። የይበልጣልን እጅ ወስጄ ከእጄ ጎን አስቀመጥኩት። ማንን እንደማመሰግን አውቃለሁ፤ ስሟንም ጠርቼ አመስግኛለሁ። ግንዱ ላይ ያለውን ግን አልነገርኩትም። እስኪ ዝናቡ ያጥበው።